ያልበደለችውን እህቴን አስለቀስኳት!

እናንተዬ! ቸኩሎ መውቀስ ስንቱን እንደሚያጣላ ታውቃላችሁ? እኔም በቀደም የገዛ ታናሽ እህቴን በኮምፒዩተር ሰበብ አስለቀስኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ያለውን ፕሪንተር የምንጠቀመው በዋይፋይ ነው። ዋይፋዩ ላይ ማን እንዳለ፣ ማን እንደተቋረጠ የሚያሳይ ፕሮግራም ማክ ኮምፒዩተሬ ላይ ጫንኩ። በማግስቱ ብከፍተው ራውተሩም፣ ፕሪንተሩም፣ እህቴ በእጇ የያዘችው ስልክ ሳይቀር "የለም" አለኝ። ጠዋት ቤት የጠረገችው እሷ! "ገመድ ነቅለሽ አበላሸሽው!" ብዬ ጮህኩባት። "እትዬ ሙች፣ አልነካሁትም!" ብላ አለቀሰች።

ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ራውተሩ ከሞተ እንዴት ሆኖ? ተርሚናል ከፍቼ በፒንግ ብጠራው ወዲያው "አቤት" አለ። ለካስ ከተርሚናል የሚላክ ፒንግ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ፕሮግራሙ ግን ያስፈልገዋል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከወጣው ማክ ኦኤስ 15 ወዲህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ፕሮግራም የቤቱን ኔትዎርክ ለማየት መጀመሪያ ይጠይቃል። እኔም ጥያቄው ብቅ ሲል ሳላነብ "አልፈቅድም" ብዬዋለሁ!

እናንተም ከገጠማችሁ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሎካል ኔትዎርክ ግቡና የፕሮግራሙን ማብሪያ ክፈቱ። ክፍት ሆኖም እምቢ ካለ ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ካልሆነም ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት።

የእኔው በአንድ ደቂቃ ተስተካከለ። እህቴ ግን ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ቡና አፍልቼ ነው የታረቅነው። ወገኖቼ፣ ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት የራሳችሁን እጅ መርምሩ!