የልጅ ልጄን ማስተኛት እንደገና ተማርኩ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለችው ቤታችን ከምራቴ ጋር ክፉ ደግ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በሁለት ወር ሕፃን አተኛኘት ተጋጨን።

ልጁ ጠብቶ ሲያገሳ ትንሽ ወተት ይመልሳል። እኔም እንደ ልማዴ በሆዱ አስተኛሁት። ምራቴ ከማድ ቤት ወጥታ ስታየው ቀስ ብላ በጀርባው አደረገችው። መልሼ ገለበጥኩት። «እማዬ፣ ላስከትበው ስሄድ በጀርባው ይተኛ ነው ያሉኝ» አለችኝ በትሕትና። እኔ ግን «38 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሕፃን ሳስተኛ ነው የኖርኩት» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ማታ ልጁን ይዛ ክፍሏ ገባች፤ በሩንም ዘጋች።

ያ የተዘጋ በር እንቅልፍ ነሳኝ። ዲፕሎማዬን የያዝኩት በ1974 ዓ.ም ነው። ያኔ የተማርኩት፣ በጀርባው የተኛ ሕፃን ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል ተብሎ ነው። ይህንኑ ለስንት እናት መክሬያለሁ! ልክ ካልነበረስ?

በማግስቱ ጥቁር አንበሳ የሚማረውን የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። የሕክምና ተማሪ ነው። «እትዬ፣ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን ሁሉ ከምናምን ፐብሜድ ላይ እንፈልግ» አለኝ። ፐብሜድ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው የመረጃ ቋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት ነው፤ በስልክም ይሠራል። እዚያ የተመዘገቡት አብዛኞቹ ጽሑፎች በአቻ ባለሙያዎች የተገመገሙ ናቸው። ይህም ማለት ጥናቱ ከመታተሙ በፊት በሙያው ያሉ ሌሎች ሰዎች መርምረውታል፣ ጠይቀውታል፣ አሳርመውታል ማለት ነው። ስህተትን ሁሉ ባያስቀርም፣ በቴሌግራም ከሚዞር ምክር ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ እኔ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ የማይረባ ነገር መጣ። ልጁ ጥያቄዬን በሦስት ከፈለው፦ ማን? ሕፃን። ምን? በሆድ መተኛት። ምን ያስከትላል? ድንገተኛ ሞት። ለእያንዳንዱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ፤ በመካከላቸውም ሦስቱም ያሉበትን ጽሑፍ ብቻ እንዲያመጣ «ኤንድ» የሚለውን ቃል አስገባ። ያም ሆኖ የመጣው ብዙ ነው። ከዚያ በጎን በኩል ካሉት ምርጫዎች፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑትን ብቻ እንዲያሳየን አደረገ። አንድ ጥናት ሊሳሳት ይችላል፤ ብዙው ተሰብስቦ ሲመዘን ግን እውነቱ ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሩት ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡትን ጥናት ያገኘሁት እንዲህ ነው። ማጠቃለያውን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። በሆድ ማስተኛት ጎጂ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ነበር ይላል። ያኔ ጥናቶቹን ሰብስቦ የመዘነ ቢኖር ኖሮ በእንግሊዝ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ቢያንስ 50,000 የሕፃናት ሞት ማስቀረት ይቻል ነበር። ምክሩ የተለወጠው በእንግሊዝ በ1991፣ በአሜሪካ በ1994 በተካሄዱ ዘመቻዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የፈራሁት መታነቅም አልጨመረም። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን፣ የመለሰው ወተት ወደ ሳንባ መግባት ይከብደዋል።

እኔ ዲፕሎማዬን ስይዝ ማስረጃው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር ማለት ነው። አስተማሪዎቼን አልወቅስም፤ እነሱም የነበራቸውን መጽሐፍ ነው ያስተማሩን። ዛሬ ግን እንደዚያ ዘመን አይደለም። የፐብሜድን ማጠቃለያ ማንም ያነባል። ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ ሲጠይቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የሚባል አገልግሎት እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ይከፍተዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ወይም የሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጠይቁ። የአገራችንን ጥናት ለሚፈልግም፣ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተም የሕክምና መጽሔት አለው።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው ያንብቡላችሁ። እናንተ አራት ነገር ጠይቁ፦ ጥናቱ በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ? በስንት ሰው ላይ? መቼ? ሌላ ጥናትስ ደግፎታል? ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ፣ አንብባችሁ ብቻ መድኃኒት እንዳትጀምሩ ወይም እንዳታቋርጡ።

የዚያን ዕለት ማታ የምራቴን በር አንኳኳሁ። «ልክ ነሽ ልጄ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳት። ይህን ማለት ለአማት ቀላል አይደለም። እሷም «እማዬ፣ እኔም ዝም ማለቴ እንጂ ፈርቼ ነበር» ብላ አቀፈችኝ። አብረን ከአልጋው ትራሱንና ወፍራሙን ብርድ ልብስ አነሳን፤ ልጁንም ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኛነው። በሆዱ የሚጫወተው ነቅቶ ሳለ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኔ ከጠመጠምኩ በኋላም መማር እንዳለ ያወቅሁት በጡረታዬ ነው።