መቲ፦ ቀፎውን ተከትሎ የኖረ ቤተሰብ

ጋምቤላ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የባሮ ወንዝ፣ ሜዳውና ሙቀቱ ነው። መቲ ግን ሌላ ገጽታ አላት። በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛንና በቴፒ አድርጎ የሚመጣ መንገደኛ የሚያገኛት ይህች የማጃንግ ዞን ከተማ፣ በቡናና በደን የተከበበች ናት።

የማጃንግ አባቶች በአንድ ቀዬ ተተክለው አይኖሩም ነበር። ደኑን መንጥረው በቆሎ፣ ማሽላና ጎደሬ ይዘራሉ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መሬቱ ሲደክም ጎጇቸውን ትተው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። የተተወው ማሳ ተመልሶ ደን ይሆናል። ከተቦረቦረ ግንድ የሚሠሩት ቀፎ ደግሞ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ማር ሲደርስ አባትና ልጅ ጫካ ይገባሉ፤ ልጁ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ በጭስ ንብ እንዴት እንደሚገለል፣ የማን ቀፎ የት እንደተሰቀለ የሚማረው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ እናቶች ከቡና ቅጠል የሚያፈሉት ቅመም ያለበት መጠጥ ጎረቤት ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው።

በወቅት መንቀሳቀስ በክልሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ቆላ ወርደን ብናይ፣ የኑዌር ቤተሰቦች በክረምት ጎርፍ ከፍ ወዳለ መሬት ይሸሻሉ፤ በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ዳር ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ። አኙዋኮችም ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ላይ በቆሎ ይዘራሉ።

ዛሬ መቲ አካባቢ አብዛኛው ቤተሰብ በመንደር ረግቷል። ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ጤና ጣቢያም ቀርቧል። ይህ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን ቀፎ የሚሰቀልባቸው ትልልቅ ዛፎች ለቡና እርሻ ሲቆረጡ፣ ከማሩ ጋር የአያት ትምህርትም ይቀንሳል። ዩኔስኮ የማጃንግን ደን በ2009 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ መዝገቡ ዛፉን ሊጠብቅ ይችላል፤ ዛፉን ማወቅ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ካልተሻገረ በስተቀር አይቆይም።

ወደ መቲ ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማር ገዝታችሁ ብቻ አትመለሱ። ማሩን የቆረጡት አባት ከተገኙ፣ ከየትኛው አበባ እንደተቀሰመ እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው፤ ልጆቻችሁም አጠገባችሁ ሆነው ይስሙ።