የአዋጁን በጆሮ

አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ ከቶ እንዲጠብቃቸው ቀን ቆርጠው ነበር። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ድል ሆነ፤ ያለቀው አልቆ የተረፈው ወደየቤቱ ገባ። እኛ ወረኢሉዎች አዋጅ ቀን እንዳለው ከአያቶቻችን የሰማነው እንዲህ ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የደነገገው አዋጅ፣ ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። ዕድሜው እስከ 6 ወር ነው፤ በየ4 ወሩም ሊታደስ ይችላል። ስንት ጊዜ? አንቀጹ ጣሪያ አላበጀለትም። ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን ጊዜ በ21 ቀን ወስናለች፤ ከአንድ ማራዘሚያ በኋላም የሚጠየቀውን ድምፅ ወደ 60 በመቶ ከፍ ታደርጋለች። በግብጽ ግን ሳዳት ሲገደሉ የታወጀው እየታደሰ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2012 ዘልቋል።

በእኛ አገር በመስከረም 2009 የታወጀው አንድ ጊዜ ተራዝሞ ከ10 ወር በኋላ ሐምሌ 28 ቀን ተነሣ። የ2014ቱን ደግሞ ፓርላማው ጊዜው ሳይደርስ የካቲት 8 ቀን አነሣው። ሁለቱም ፍጻሜያቸው በአደባባይ ተነግሯል። በአማራ ክልል ምክንያት የመጣው አዋጅ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታወጀ፤ ነሐሴ 8 ቀን ጸደቀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለ4 ወር ተራዘመ። ግንቦት ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። ፓርላማው ስለ ማብቃቱ ድምፅ አልሰጠም።

ከዚያ በኋላ አንድ የአገሬ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያ አዋጅ አለ ወይስ አልቋል?» አሉኝ።

«ጊዜው አልፏል አባቴ።»

«ታዲያ ማን ለፈፈው?»

መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኝነት ስማር አዋጅ መታወጁ ዜና እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ማለቁም ዜና እንደሆነ ያስተማሩኝ ግን እኚህ ሰው ናቸው። የአዋጁ ማለቅ በጆሮ ሹክ የሚባል ከሆነ፣ ልጁ የታሰረበት አባት «በየትኛው ሕግ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ይይዛል? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ባል፣ ከቤት መውጣት ክልክል ይሁን አይሁን በምን ያውቃል?

መቼም ቀን ቆጥሮ የሚያበቃ አዋጅ ከማያበቃው ይሻላል። ሰው ካልሰማው ግን የቀኑ ጥቅም ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አዋጅ ባበቃ ዕለት ፓርላማው ይሰብሰብ፤ ማብቃቱም በታወጀበት ሬዲዮ ይነገር። ያው አንቀጽ 93 የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ይፋ እንዲያደርግ ያዘዘው 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም፣ ስንቱ እንደ ገባ፣ ስንቱ እንደ ወጣ፣ የቀረውም በምን ሕግ እንደ ቀረ በዚያው ዕለት ቆሞ ይናገር። ሽማግሌው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።