እማዬ፣ ሾላዋና ጽጌረዳው

እናቴ ከሚፈርሰው ቤታችን ይዛ የወጣችው የመጨረሻ ዕቃ ጀበናዋ ወይም የአባቴ ፎቶግራፍ አልነበረም። እነሱ ቀድመው ተጭነዋል። የመጨረሻዋ ከጓሮው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በጣቷ ፈልቅቃ ያወጣቻት፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ የሾላ ችግኝ ነበረች። በድልህ ቆርቆሮ አፈር ሞልታ ተከለቻትና በነጠላዋ ከልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋት መኪናው ላይ ወጣች።

«ማን ተከላት?» አልኳት።

«ወፍ ናታ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ የበላች ወፍ ዘሩን ከኩሷ ጋር ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ አሸንዳ ላይ ወይም ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች። ዘሩም ባገኘው ቁራጭ አፈር ይበቅላል።

ሰንጋ ተራ ድሮ ምን ይሸጥበት እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ሰንጋው የለም፤ ባንኮቹ ናቸው ጎን ለጎን የቆሙት። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከበረንዳችን ሆነን አንገታችንን ቀና አድርገን እናየዋለን። እማዬን ከሰፈሯ ላለማራቅ ብዬ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ገባን። ሾላዋን ወደ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ አዛወርናት። እኔም በረንዳው እንዲያምር ብዬ አንድ ቀይ ጽጌረዳ ገዝቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ።

ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ሁለቱንም እኩል ውኃ አጠጣ ነበር። ጽጌረዳው አበበ፤ ሾላዋ ግን ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። የተጠማች መስሎኝ ጨመርኩላት። ባሰባት።

የግቢያችን አትክልተኛ አንድ ቀን ወደ ቤት ጠርቼ ባሳያቸው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰክተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይቺን እያሰመጥካት ነው» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው አስተማሩኝ። ጽጌረዳና ለጌጥ የሚተከሉ ቁጥቋጦዎች አብዛኛው ሥራቸው ከላይ ስለሆነ አፈሩ ሲደርቅ ቶሎ ይጎዳሉ። በበጋ ውኃ፣ በየጊዜው ፍግ፣ የደረቀውን አበባ መቁረጥ፣ ቅርንጫፉን መከርከም ይፈልጋሉ። ውኃውም በጠዋት፣ ከሥሩ ይሁን፤ ቅጠሉ ርሶ ካደረ ሻጋታ ይወጣበታል። የሁለት ወር ቸልታ ይበቃቸዋል፤ ይጎሳቆላሉ። ሾላ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ልጅ ሳለች አንድ ሁለት በጋ ውኃ ካገኘች በኋላ ሥሯን ሰድዳ የራሷን ትፈልጋለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቦታ።

እማዬ ይህን ከሰማች በኋላ ከመሬት ካልተከልናት አለች። ቦታውንም መርጣለታለች፤ ከብሎካችን ፊት ለፊት፣ ቡጋንቪላው አጠገብ። «ስታድግ ከሥሯ ቡና እናፈላለን፤ ልጆቹም ይጫወቱባታል።»

እኔ ደግሞ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ቦታው ከሕንፃው አራት ሜትር ቢርቅ ነው፤ ከሥሩም የፍሳሽ ቱቦ ያልፋል። የሾላ ሥር ከጥላዋ አልፎ ይሄዳል፤ ውኃ ያለበትን እየተከተለ የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኘ ይገባበታል። ጉዳዩ ስብሰባ ላይ ሲነሳ እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። «አይቻልም» ብዬ ቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሦስት ቀን ቡና አፍልታ ስኒዬን ዝም ብላ አቀበለችኝ። ከቁጣዋ ይልቅ ዝምታዋ ከበደኝ። ቤቷን አጥታለች፤ አሁን ደግሞ ልጇ ለአንዲት ችግኝ መሬት ነፈጋት።

መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። እህቴ ቢሾፍቱ ሰፊ ግቢ አላት። እኔና እህቴ እማዬ እዚያ ብትኖር ይሻላል ብለን በስልክ ከተማከርን ቆይተናል፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳታል፣ እዚያ አየሩ ሞቅ ያለ ነው፣ ጸጥታ አለ። እንዴት እንደምንነግራት ነበር የቸገረን። ሾላዋ ከሄደች እሷም ትከተላለች ብዬ አሰብኩ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ሄድን። ከቤቱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፈርኩ። ከማሰሮው ስናወጣት ሥሯ ዙሪያውን ተጠምጥሞ የማሰሮውን ቅርጽ ይዞ ነበር። እማዬ ተንበርክካ በጣቷ ፈታታችው፤ አፈር መለሰችባት፤ ረገጥ ረገጥ አደረገቻት።

እህቴ ወደ ቤት አስገብታ የተዘጋጀውን ክፍል አሳየቻት። አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ አልጋ ልብስ። እማዬ ዳስሳ አየችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያምራል። የእንግዳ ነው?»

እኔና እህቴ ተያየን። ሊዋሽ የሚችል ስላልነበረ ነገርናት። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«እኔንም እንደ ሾላዋ ቦታ የጠበበኝ መሰላችሁ። ሾላዋ ሰው አትፈልግም፤ መሬት ነው የምትፈልገው፣ ሰጠናት። እኔ ጠዋት ስነሳ እንዴት አደርሽ የሚለኝ እፈልጋለሁ። እዚያ ዕድርተኞቼ አሉ፣ የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ደረጃው ላይ ድምፃቸውን እሰማለሁ። እዚህ እናንተ ሥራ ውላችሁ እኔ ግድግዳ ሳይ ልዋል? እኔ እኮ እንደዚያ እንዳንተ ጽጌረዳ ነኝ፤ ሁለት ወር ከተረሳሁ አለቀ።»

እህቴ አለቀሰች። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጸጥታው ለብዙ ወራት ስናወራ አንድም ቀን እሷን አልጠየቅናትም ነበር። ለእሷ የሚበጃትን ሁለታችን ተማክረን ወስነን መጋረጃ ሰቅለን ጨርሰናል።

ማታውኑ ሰንጋ ተራ ተመለስን። ጉልበቷ አሁንም ያማታል። በሚቀጥለው የኪራይ ውል ምድር ቤት ከተገኘ ብለን እየፈለግን ነው፤ እስከዚያው ደረጃውን ክንዷን ይዤ አወጣታለሁ።

ሾላዋ እህቴ እንደነገረችኝ ዘንድሮ ከሰው ቁመት አልፋለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ አጠጥታታለች፤ አሁን አትነካትም። በረንዳው ላይ ያለው ጽጌረዳ ግን አሁንም በየጠዋቱ ሰው ይፈልጋል። ውኃውን የማጠጣው እኔ ነኝ። እማዬ ወንበሯን በር ላይ አውጥታ ትቆጣጠረኛለች፤ «ቅጠሉን አታርሰው፣ ከሥሩ!» ትለኛለች። ከዚያ እንዴት አደርሽ እላታለሁ፤ መልሷን ሳልሰማ ወደ ሥራ አልሄድም።