በዓባይ በረሃ ዳገት ላይ የሚፈላ ሞተር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ፍቼንና ገርበ ጉራቻን እያለፈ በደጋው ሜዳ ላይ ሲሄድ የመኪናውን እርጅና ይረሳ ይሆናል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከሉ አይነቃነቅም። ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ግን ምድር ተከፍታ የዓባይ ሸለቆ ከእግሩ በታች ይገለጥለታል። ከዚያ ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙን ከተሻገረም በኋላ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱና ዳገቱ በአንድነት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ።

ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ባሕር ዛፉና የጤፍ ማሳው እየራቀ፣ ገደሉና የቆላው ቁጥቋጦ እየቀረበ ይሄዳል። ከላይ ጋቢ ደርቦ የነበረው መንገደኛ ከታች የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ከጥንቱ ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ ዘንድ ሲደርስ፣ ይልቁንም ወሩ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ከሆነ፣ ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ትንፋሽ ፊትን ይገርፋል።

ቁልቁለቱ ለሞተሩ ዕረፍት፣ ለፍሬኑ ግን መከራ ነው። ዳገቱ ሲጀመር የሞተሩ ተራ ይደርሳል። መኪናዪቱ በከባድ ማርሽ ቀስ ብላ ስትወጣ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ከዚህም ኃይል ታላቁ ክፍል ጎማውን ሳይገፋ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱን ውሃው ከሞተሩ ተቀብሎ ለራዲያተሩ፣ ራዲያተሩም ለነፋስ ያስረክባል። ነገር ግን በዝግታ ለምትሄድ መኪና ነፋሱ ጥቂት ነው፤ ያውም ትኩስ። ስለዚህ በደጋ ተሸፍኖ የኖረ ድካም ሁሉ በዚህ ዳገት ላይ ይጋለጣል።

ሰው ሲያተኩሰው ሐኪሙ መቼ እንደ ጀመረውና ምን እንዳባባሰው ይጠይቃል። ሞተርም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ሙቀቱ የሚነሣው መኪናዪቱ ስትቆምና ስትዘገይ ነው ወይስ ስትፈጥን? በቆመች ጊዜ ሞቃ በሜዳ ስትሮጥ የምትበርድ ከሆነ ጥፋቱ ነፋስ የሚስበው ፋን ዘንድ ነው፤ ቺንጋው ላልቶ ወይም ተልጦ ይሆናል። በተቃራኒው ስትፈጥን ወይም ጭነት ስትጎትት ብቻ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ መደፈኑ ይጠረጠራል። ከውጭ ጭቃ፣ ገለባና ነፍሳት ክንፎቹን ይዘጋሉ፤ ከውስጥ ደግሞ ለዓመታት የተጨመረው የወንዝና የጉድጓድ ውሃ እንደ ጀበና ውስጥ ቅርፊት ያለ ኖራ ይጥልበታል።

ሁለተኛ፣ ላይኛው ማኒኮቶ እንዴት ነው? መርፌው ቀይ መስመር ላይ ደርሶ ማኒኮቶው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ውሃው ከሞተሩ አልወጣም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። አንዳንድ ሰው ይህን ፈርቶ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። እንዲህ ያለው ሞተር በደጋ ላይ ተገቢ ሙቀቱን ሳያገኝ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎም ያረጃል። የተደፈነ ራዲያተርም በዚህ አይድንም።

ሦስተኛ፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል? በሚያንጠባጥብ ማኒኮቶ ወይም በውሃ ፓምፑ በኩል ከሆነ በዓይን ይታያል። ጠብታ ሳይታይ ውሃ የሚጎድል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የማያቋርጥ፣ የሞተሩም ዘይት ወተት እንደ ገባበት ቡና የነጣ ከሆነ ግን የቴስታታው ጋስኬት መቃጠሉ ያሰጋል። ይህች መኪና ዳገቱን ልትሞክር አይገባትም።

የራዲያተሩ ክዳን ነገርም በዚህ መንገድ ላይ ልዩ ትርጉም አለው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ቢጣድ፣ በሸለቆው ግርጌ በ96 ገደማ፣ በደጀን ከፍታ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ መኪናዪቱ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ውሃው ለመፍላት ይቀርባል። ክዳኑ ግፊትን አምቆ ይህን ይከላከላል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ያፈስሳል፤ ጤነኛ ሞተርም በዚህ በጥቂት ገንዘብ በሚገዛ ዕቃ ምክንያት ይፈላል።

መርፌው መውጣት ሲጀምር የመኪናዪቱን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይቀንሳል፤ ተሳፋሪው ለጊዜው ቢቸገርም ይጠቅማል። ይህ ካልበቃ ከመታጠፊያ ርቆ መቆም፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ፣ ልጆችንም ከመኪናዪቱና ከመንገዱ ማራቅ ይገባል። ውሃው ካለቀ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ። ክዳኑን ግን ማንም አይንካው። ታምቆ የቆየው ውሃ ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና ዓይንን ይልጣል። ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መታገሥ፣ ማኒኮቶው በእጅ ሲጨበጥ የማያቃጥልና የለሰለሰ ሲሆን በወፍራም ጨርቅ ጥቂት በጥቂት መክፈት ይሻላል። ውኃ በጎደለበት ትኩስ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ቢፈስስበት ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የቺንጋ ዋጋ ጥቂት ነው፤ የተጣመመ ቴስታታ ግን የአንድ ቤተሰብን የብዙ ወራት ቁጠባ ይወስዳል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ይዞ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ቺንጋውን፣ ክዳኑንና ማኒኮቶዎቹን ይመርምር፤ የተጣራ ውሃና አንድ ትርፍ ቺንጋ ይያዝ፤ ሸለቆውንም በማለዳ ይሻገር። በመንገድም ሞተሩ ከሞቀ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማርሽ፣ በዳገት ወይስ በሜዳ እንደ ሆነ በወረቀት ይጻፍ። ይህች ወረቀት ጋራዥ ስትደርስ መካኒኩን ከግምት፣ ባለ መኪናውንም ከማያስፈልግ ወጪ ታድናለች።