የመስመር ምልክቱና እናታችን

ለሊኑክስ ኮምፒዩተር መስመር የሚያገናኘውን፥ ኔትወርክ ማኔጀር የተባለውን ፕሮግራም ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ነው። እኛም በዚሁ ላይ የሚሠራ፥ በሥዕልና በአማርኛ ቃል የሚያመለክት መስኮት አበጅተን ላሊበላ በሚገኘው ቤታችን ስንፈትነው፥ መብራት ጠፋና ገመድ አልባው ተቋረጠ፤ ፕሮግራሙም ወዲያው ወደ ሞባይሉ መስመር ተሻግሮ «ተገናኝቷል» አለ። እናታችን ግን በባዕድ አገር ያለውን የወንድማችንን ድምፅ ስላጡ፥ «ከተገናኘ ስለ ምን ዝም ይላል? ታሞ ይሆንን?» ብለው ደነገጡ።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከማማው ጋራ መገናኘት ሌላ፥ ከማማው አልፎ ወደ ዓለም መድረስ ሌላ ሲሆን፥ ሁለቱን በአንድ ቃል ጽፈናቸው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ በሩቅ ወዳለ አንድ ገጽ ጥያቄ ልኮ መልስ ካጣ፥ «ማማው ተገኝቷል፤ ወደ ውጭ ግን አያሳልፍም» እንዲል አደረግን። ቃሉ ረዝሞ ከመስኮቱ ቢተርፍም፥ እናታችን እንዳናሳጥረው አዘዙን።