«ሱቁን ተረከበኝ»

ቪያ ኩርታቶኔ ላይ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን ትልቅ ሕንፃ የሮም ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ የጣሊያን ገበሬዎች ማኅበራት ዋና መሥሪያ ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ግን ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይኖሩበት ነበር። እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ እዚያ ይኖር የነበረ የአንድ ወዳጄ ነገር ነው።

ወዳጄ ተክለሃይማኖት ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው። ከሕንፃው ብዙም ሳይርቅ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ዘይት ማንጠባጠቡን አልተው ያለ ሞቶ ጉዚ ፋልኮኔ አሳዩት፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ፣ ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ፣ የጣሊያን ፖሊስ ይነዳው የነበረ ባለ 500 ሲሲ። ባለቤቱ ጓርኒሲዮን ደጋግሞ አስቀይሯል፤ በየመጋጠሚያው ሲሊኮን አስለቅልቋል።

ወዳጄ አንድ ብሎን ሳይፈታ ሞተሩን በናፍታ አጥቦ አደረቀው፤ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበትና አስነሳው። ጎንበስ ብሎ ዘይቱ ነጩ ላይ ቀድሞ የት እንደሚወጣ ጠበቀ። በየመጋጠሚያው ወጣ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው፤ ፒስተን ሲወርድ ከበታቹ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። ቱቦውን ሲነቅለው በደረቀ ዝቃጭና በሲሊኮን ፍርፋሪ ተጠቅጥቋል። ጠረገው። ብሎን ከልክ በላይ ጠብቆበት የጎበጠውን ክዳን፣ መስታወት ላይ ባነጠፈው ብርጭቆ ወረቀት እያሸ አስተካከለው፤ የመዳብ ራንዴላዎቹንም በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ እየነከረ አለሰለሳቸው። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ጠብ አላለም።

ሽማግሌው ተተኪ አልነበራቸውም። «ሱቁን ተረከበኝ» አሉት። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የጣሊያን አዋጅ ቁጥር 47፣ በአንቀጽ 5፣ ያለ ፈቃድ በተያዘ ሕንፃ የሚኖር ሰው የመኖሪያ ምዝገባ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበርና፣ ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል ጭምር ሊያከራዩት ፈቀዱ። ሞያውም፣ አድራሻውም በአንድ ጊዜ እጁ ላይ ወደቁ! የእሱ ልብ ግን ጀርመን ነበር። «ትንሽ ልየው» አላቸው። ዙሪያውን የነበሩትም «ጣሊያን ምን አለና» እያሉ ልቡን አሸፈቱት፤ የደብሊን ደንብ መጀመሪያ አሻራ ወደ ሰጡበት አገር እንደሚመልስ የማያውቅ በመካከላቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2017 ፖሊስ ሕንፃውን አስለቀቀ። መሄጃ አጥተው ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ያደሩትንም ኦገስት 24 ቀን ማለዳ በውኃ መድፍ በተናቸው። የወዳጄ መፍቻዎች ሕንፃው ውስጥ ቀሩ። እሱ ጀርመን ደርሶ በአሻራው ተመለሰ፤ ሲመለስ ሽማግሌው ሱቁን ሸጠውታል። ዛሬ በሌሊት ፈረቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል። እንዲያ ያለ እጅ ካርቶን የሚሸከምበት ምንም ምክንያት አልነበረም።